የታችኛዋ ቀስት

ግንቦት 5

ርዕሰ መምህሩ አሞጽ ዛሬም ሰበሰበን። «ባለፈው ዓመት ካስፈተንናቸው ስንት አለፈ?» አለ። መልሱንም ራሱ ሰጠ። «ዜሮ! ዘንድሮም ዜሮ ካመጣን እኔን ያነሱኛል። እኔ ደግሞ ብቻዬን አልነሳም።» ሒሳብ የሚያስተምረው ኤሊያስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ስትነሺ ቦርሳሽን እንዳትረሺ» አለኝ። ሳቄን በግድ ዋጥኩት።

ስወጣ አቶ ነስሩ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው፤ የሀሚዳ አባት። ሀሚዳ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍሎቹ አንደኛዬ ናት። ከሰማንያ ስድስቱ ተስፋ የምንጥልባት እሷ ብቻ ናት፤ ይህን አሞጽም ያውቃል፣ ልጆቹም ያውቃሉ። አቶ ነስሩ ከገብስ እርሻቸው ቀጥታ እንደመጡ ቦት ጫማቸው ጭቃ ነው። ወንበር ብሰጣቸው እምቢ አሉ።

«መምህርት፣ ደቡብ አፍሪካ ያለው ወንድሜ ለልጅቷ ሰው አግኝቷል። የእኛው አገር ልጅ ነው፣ እዚያ ሱቅ አለው። እኔ ግን ለሀሚዳ ቃል ሰጥቻታለሁ። ካለፈች ትማራለች፤ ማንም አይነካትም። ከወደቀች መስከረም ላይ ትሄዳለች። ለወንድሜም የነገርኩት ይሄንኑ ነው።»

«ታልፋለች» አልኳቸው። አፌ አያርፍም። «እኔ እያለሁማ!» ብዬ ጨመርኩበት።

«ኢንሻአላህ» ብለው እጄን ጨብጠው ሄዱ።

ግንቦት 7

የዞኑን ሞዴል ፈተና አርሜ ጨረስኩ። ወገቤ ተቆረጠ። ከ11 እስከ 14 ያሉት ጥያቄዎች ደካማ አሲድ ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚጻፈውን ኢኩዌሽን የሚጠይቁ ናቸው፤ ትክክለኛውን ምረጡ፣ ፒኤቹን አስሉ። ሰማንያ ስድስቱም ሳቱ። የሳቱትም አንድ ዓይነት ነው። ተኮራርጀው ነው እንዳልል በሁለት ክፍል ነው የተፈተኑት። ሀሚዳም ከነሱ ጋር ስታለች!

ስለዚህ የተሳሳተው የመልሱ ወረቀት ነው። ዞን ተቀምጠው ይህችን እንኳ በትክክል ማዘጋጀት ያቅታቸዋል? የአቼቶውን አሲድ ሁለት ቀስት አድርገውበታል፤ የላይኛዋ ወደ ቀኝ፣ የታችኛዋ ወደ ግራ።

CH3COOH + H2O ⇌ H3O+ + CH3COO−

እኔ ለሦስት ዓመት ያስተማርኩት አንድ ቀስት ነው። አሲድ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ይለያያል፣ አለቀ። ተናድጄ ሙሉ ገጽ አቤቱታ ጻፍኩ። «የትምህርት ጥራትን ክፉኛ የሚጎዳ» የሚልም አስገብቼበታለሁ። ነገ አሞጽ ማኅተም ያደርግበትና ይሄዳል።

ግንቦት 8፣ ጠዋት

ማኅተሙ የተቆለፈበት መሳቢያ ቁልፍ ጠፍቶ ደብዳቤው አልሄደም። ተመስገን። ለምን ተመስገን እንዳልኩ ማታ እጽፋለሁ። ደወል ተደወለ።

ግንቦት 8፣ ማታ

ዛሬ ንጋት ላይ ባለቤቴ እንድርያስ ዱራሜ አድሮ ሚኒባሱን ይዞ እንደገባ፣ አቤቱታው ላይ የመጽሐፉን ገጽ ልጠቅስ ብዬ ስልኩን ቀማሁት። አዲሱ የኬሚስትሪ መጽሐፍ የመጣልን በሶፍት ኮፒ ነው፤ እኔ ስልኬ ሞልቶብኛል እያልኩ አውርጄው አላውቅም። ዛሬ አወረድኩት። የመጀመሪያው ምዕራፍ ነው፤ ሩቅ እንኳ አይደለም።

ሁለት ቀስት ነው።

ሃይድሮክሎሪክ ውሃ ውስጥ ሲገባ ሁሉም ይለያያል፤ ለእሱ አንድ ቀስት ይበቃዋል። የአቼቶው ግን ከመቶ አንዱ ቢለያይ ነው። የተለያየውም እየተመለሰ ይጋጠማል፤ ሂያጅና ተመላሹ እኩል ሲሆን እዚያው ይረጋል። ለዚህ ነው ሁለት ቀስት። ፒኤቹም እንደ ጠንካራው በቀጥታ አይሰላም። እኔ ግን ሁሉንም በአንድ መንገድ አሰላሁላቸው። መጽሐፉ ውስጥ ያለውን የደካማ አሲድ ስሌት ጊዜ ስላልበቃን ዘልዬዋለሁ። ምዕራፉ ረጅም ነው፤ ማንም ይዘለዋል።

እኔ እኮ የተመረቅሁት በባዮሎጂ ነው! የኬሚስትሪው መምህር ዳኘ ሐዋሳ ሲቀጠር «ለጊዜው ያዢልን» ተብዬ ነው። ያ ጊዜ ሦስት ዓመት ሆነው። ማንም አስተማሪ የቀደመውን ሰው ኖት ይወስዳል፣ ሰሌዳ ላይ ይገለብጣል፣ ልጆቹ ይጽፋሉ። እኔም የወሰድኩት የዳኘን ኖት ነው። ከእኔ የተለየ ያደረገ ካለ ይምጣ።

ያቺን የጥቅምት ቀን ልጽፋት አልፈልግም ነበር። ግን ከጀመርኩ አይቀር። ሀሚዳ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ያጎቴ ልጅ ስልክ ላይ ያለው መጽሐፍ ለደካማ አሲድ ሁለት ቀስት ነው የሚለው» አለች። ምን አልኳት? «የስልክ ኬሚስትሪሽን እዚያው ስልክሽ ላይ ተዪው። እኔ ክፍል ውስጥ ቀስት አንድ ናት።» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ደብተሯን አየሁ፤ ሁለት ቀስት አድርጋ በእስክሪብቶ ጽፋዋለች፤ በላጲስ አይጠፋም። «ቅደጂው» አልኳት። ቀደደችው።

እንድርያስ «ስልኬን መቼ ነው የምትመልሽው?» ይላል።

ግንቦት 9

ዳኘ ጋ ደወልኩ። ሰላምታውም ሳያልቅ ጠየቅሁት። «ውይ!» አለና ሳቀ። «ያቺ የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤቷ ረምላ እኮ ናት! ሁለቱን ቀስት ኪቦርዱ ላይ አጣችው። አንዱን ብቻ ጻፊው፣ የታችኛዋን እኔ በእስክሪብቶ እጨምራታለሁ አልኳት። ኮፒ ባነሳሁ ቁጥር እጨምር ነበር። ያንቺን ከራሷ ከረምላ ነው የወሰድሽው መሰለኝ።»

አዎ፣ ከረምላ ነው የወሰድኩት። እሱ በሄደ በሳምንቱ ከሱቋ ተቀብዬ በፕላስቲክ አስጠረዝኩት።

«ግን እኮ ግልጽ ነው፤ ማንም ያየዋል» አለኝ ዳኘ። በቅንነት ነው የተናገረው። ስልኩን ዘጋሁበት።

ጥፋቱ የረምላ ነው። የዳኘም ነው። ሰኞ ክፍል ገብቼ አስተካክለዋለሁ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ግንቦት 11

አስተካከልኩ።

አይ፣ ለዚህ ደብተር እንኳ ልዋሽ ነው? ገባሁ፤ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት፤ ሁለቱን ቀስት አደረግሁ። ዞር ስል ሀሚዳ ቀና ብላ አየችኝ። በክፉ ዓይን አይደለም። እየጠበቀች ነው። ከኋላ አንዱ «ቲቸር፣ ቀስት አንድ ናት ብለው አልነበር?» አለ፤ ሳቅ ተጀመረ። እኔም ከአፌ የወጣው «ሁለቱም ይቻላል» የሚል ሆነ። «አንዳንድ መጽሐፍ እንዲህ ይጽፈዋል፤ አንዳንዱ እንዲያ።»

ሁለቱም ይቻላል! ሀሚዳ አንገቷን ደፍታ ጻፈች። ምን እንደጻፈች አላየሁም።

ግንቦት 12

እንቅልፍ የለም። 

ግንቦት 19

የሞዴሉ ጠቅላላ ውጤት ተለጠፈ። ከስድስት መቶ 304 ያመጣች ሀሚዳ ብቻ ናት። ማለፊያው ሦስት መቶ ነው። አሞጽ ሰልፍ ላይ እጇን ይዞ ከፍ አደረገው፤ ልጆቹ አጨበጨቡ። «የኬሚስትሪ መምህርቷንም እናመሰግናለን!» አለ። እኔም እንደ ሙሽራ እጄን አውለበለብኩ።

በአራት ነጥብ ነው ያለፈችው። አንድ ራስ ምታት፣ አንድ የጠፋ እርሳስ አራት ነጥብ ይወስዳል። ኬሚስትሪ ሰማንያ ጥያቄ ሆኖ ከመቶ ይያዛል፤ የእኔዎቹ አራት ጥያቄዎች አምስት ነጥብ ማለት ናቸው። ይህን ስሌት ሳልፈልገው ባጃጅ ላይ ሆኜ ሠራሁት፤ ስታፍ ቁጭ ብዬም ደገምኩት።

ስታፍ ውስጥ አንዷ «ያቺ የነስሩ ልጅ ካላለፈች እኮ አለቀላት፤ ልብሱ ሁሉ ተልኳል» ስትል ሰማሁ። ሻዬን ትቼ ወጣሁ።

ነገ እነግራታለሁ።

ግንቦት 26

ከክፍል በኋላ ሀሚዳ ቀረች። ጠመኔ ስሰበስብ አጠገቤ መጥታ ቆመች። «ቲቸር፣ ሁለቱም ይቻላል ብለው ነበር። ፈተናው ላይ ሁለቱም ምርጫ ውስጥ ቢመጡስ? የቱን ልበል?»

እዚያ ነበር! እኔና እሷ ብቻ፤ የሚስቅብኝ ሰው የለም። እግዜር በሩን ወለል አድርጎ ከፈተልኝ። እኔ ምን አልኩ? «ጥያቄውን በደንብ አንብቢና የሚስማማውን ምረጪ።»

«እሺ ቲቸር» አለች። ጠመኔውን ተቀብላኝ ሳጥኑ ውስጥ አስገባችው። ይህች ልጅ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የሚስማማውን ምረጪ። ከአፌ ይጥፋ!

ግንቦት 29

አረፋ ነው። ትምህርት የለም። እነሀሚዳ ቤት ልሄድ አስቤ ነበር፤ እንግዳ ይበዛባቸዋል ብዬ ተውኩት። በበዓል ቀን ስለ አሲድ ይወራል?

ሰኔ 7

ትምህርት ቆሟል፤ ልጆቹ ቤታቸው ሆነው ነው የሚያጠኑት። ዛሬ ቆርጬ ተነሳሁ። በባጃጅ እስከ አስፋልቱ መጨረሻ፣ ከዚያ በጋሪ። ዝናቡ ግማሽ መንገድ ላይ ያዘን። ባለጋሪው «እቴ፣ ፈረሱ ይንሸራተትብኛል፤ ትንሽ እንጠብቅ» አለ። አንድ ዛፍ ሥር ከሁለት ሴቶች ጋር ተጠለልኩ።

አንደኛዋ «የነስሩ ልጅ ፎቶውን አይታዋለች አሉ» አለች።

«እና ምን አለች?»

«ምንም። ሰውዬው አርባ ሳይሞላው አይቀርም። እሷ አልፋለሁ ነው የምትለው።»

«ከዚያ ትምህርት ቤት ማን አልፎ ያውቃል?»

ዝናቡ ቆመ። ባለጋሪው እንሂድ አለኝ። እኔ መሽቷል ብዬ ተመለስኩ። ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ጭቃ ነበር፣ ጫማዬም አይሆንም፣ ፈረሱም ደክሟል። ለእንድርያስ «መንገዱ ተቆርጧል» አልኩት። መንገድ ላይ የሚውል ሹፌር ነው እኮ! ጫማዬን አየ።

ሰኔ 15

መስከረም ላይ ትሄዳለች። መስከረም ላይ ትሄዳለች። ድስት እያጠብኩ ይህንን እላለሁ።

ሰኔ 19

መላ መጣልኝ! እጽፍላታለሁ። ፊቷን እያየሁ መናገር ካቃተኝ በወረቀት ይሁን። አንድ ገጽ ተኩል ሆነ። ጠንካራ አሲዶቹን ዘረዘርኩ፤ እነዚህ ብቻ አንድ ቀስት። ሌላው ሁሉ ሁለት ቀስት። የፒኤች ስሌቱን፣ ያንን የዘለልኩትን፣ ከመጽሐፉ ቁጭ ብዬ ተምሬ በምሳሌ አስረዳኋት። እውነቱን ልናገር፤ የዘለልኩት ጊዜ አንሶኝ አይደለም፣ አልገባኝም ነበር። አሁን ገባኝ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ ሁለት ቀን ብቻ! መጨረሻው ላይ «ጥቅምት ላይ ልክ ነበርሽ፤ ይቅርታ» ብዬ ጻፍኩ። ሦስቴ ሰርዤ አራተኛው ላይ ተውኩት።

ሰኔ 21

ሽኝት። ልጆቹ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው ነው የሚፈተኑት፤ እስኪጨርሱ አይወጡም። ፍራሽና ብርድ ልብስ ተሸክመው መጡ። ፓስተሩም ሼሁም በየተራ ጸለዩ። እናቶች ያለቅሳሉ። የሀሚዳ እናት ዘምዘም ቆጮ በቅጠል ጠቅልላ ይዛ «መምህርት፣ አደራ» አለችኝ። የምን አደራ ነው ለእኔ?

ወረቀቱ ጡት መያዣዬ ውስጥ ነበር፤ ከላብ እንዳይርስ በፌስታል ጠቅልዬዋለሁ። ከሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ልጅቷ አጠገቤ ነበረች፤ አልሰጠኋትም። መኪናው ሊነሳ ሲል በመስኮት አቀበልኳት። «ግቢ ስትገቢ አንብቢው፤ አሁን አይደለም» አልኳት። ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። መኪናው ሲሄድ ከስንት ጊዜ በኋላ ሙሉ አየር ሳብኩ። ተገላገልኩ! ቤት ገብቼ እንደ ሰው በላሁ።

ሰኔ 22

ልጆቹን ይዞ የሄደው ኤሊያስ ተመለሰ። «ፍተሻው አይጣል ነው» አለ። «በር ላይ ስልክም፣ ደብተርም፣ ወረቀት የተባለ ሁሉ ቀረ። ሲገቡ ልብሳቸው፣ ፍራሻቸውና መታወቂያቸው ብቻ ነው።»

«የታጠፈች ወረቀትስ?» አልኩት።

«ኧረ አንቺ ትርፊት፣ የብስኩት መጠቅለያ እንኳ አላሳለፉም!»

አውቅ ነበር እኮ። ትምህርት ከመቆሙ በፊት አሥራ አምስት ቀን ሙሉ ሰልፍ ላይ ሲነገር የነበረ ነው፤ ወረቀት ክልክል ነው፣ ወረቀት ክልክል ነው። እኔው ራሴ ነኝ ለልጆቹ ያነበብኩላቸው። ታዲያ «ግቢ ስትገቢ አንብቢው» ያለው የማን አፍ ነው?

ሰኔ 23

እንግሊዝኛና ሒሳብ።

ሰኔ 24

ኬሚስትሪ። ጠዋት። ሦስት ሰዓት ላይ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፤ ተውኩትና ተቀመጥኩ። አምስት ሰዓት ላይ ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ።

ጌታ ሆይ፣ ከቻልክ አሲድ አይምጣ።

ሐምሌ 6

ሀሚዳ መጣች፤ ቤቴ ድረስ። ሻይ አቀረብኩላት። ከስታለች። «ቲቸር፣ ይቅርታ፤ ወረቀቱን በር ላይ ወሰዱብኝ፤ ሳላነበው። ምን ነበር?»

«ምርቃት ነው» አልኳት።

«ታዲያ ደርሶኛላ፤ አሚን» ብላ ሳቀች።

ስለ ፈተናው አልጠየቅኋትም። ራሷ ነገረችኝ። አሲድ አራት ጥያቄ መጥቷል። «የሚስማማውን መረጥኩ» አለች። የቱን ከማለት «ሻይሽ ቀዘቀዘ» አልኳት። በር ድረስ ሸኘኋት፤ ሻዩን አልጠጣችውም ነበር።

እንዴት ያለሁ ሰው ነኝ? እንዲህ ብዬ መጻፉ ራሱ ሰለቸኝ። መጻፍ ለሀሚዳ ምን ያደርግላታል?

ነሐሴ 14

ምንም የለም። ዝናብ። እንድርያስ «ከስተሻል፤ ሐኪም ጋ እንሂድ» ይላል። ሁሉንም ነገርኩት። አልተቆጣም፤ አልሳቀም። «ያኔ ጋሪ ላይ የተመለስሽው ለዚህ ነው?» አለ። አዎ አልኩት። «እኔ መንገዱ እንዳልተቆረጠ አውቅ ነበር። በዚያው አልፌያለሁ» አለኝ።

ጳጉሜ 3

ውጤት ተለቀቀ። አሞጽ በስልኩ አንድ በአንድ እያስገባ አየ። ትምህርት ቤታችን ዜሮ።

ሀሚዳ 297።

ጳጉሜ 4

297 እና 5፣ 302። እርሳስ አላስፈለገኝም።

ኤሊያስ ሊያጽናናኝ «ሪሜዲያል ይደርሳታል እኮ፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታ አንድ ዓመት ተምራ መቀጠል ትችላለች» አለ። ትችላለች፤ አባቷ ከፈቀዱ። የአቶ ነስሩ ቃል ካለፈች ነው። ሪሜዲያል ማለፍ አይደለም። ወንድምየው ዛሬውኑ ደውሎ ቀን ይቆረጥ ብሏል አሉ።

ጳጉሜ 5

ሄድኩ። ዝናብ ነበር። ባለጋሪውን አልመለስም አልኩት።

አቶ ነስሩ ደጅ ላይ አንካሴ ይስላሉ፤ ዘምዘም ጎመን ትቀነጥሳለች። አስገቡኝ። እሳቸው «መምህርት፣ ለፍተሻል፤ አላህ አልፈቀደም» አሉኝ፤ እሳቸው እኔን ሊያጽናኑ! ከዚያ በላይ መስማት አልቻልኩም። ቆሜ ነው የተናገርኩት። የረምላን ስም አላነሳሁም፤ የዳኘንም። ደካማ አሲድን ሦስት ዓመት በስህተት አስተማርኩ፤ ጥቅምት ላይ ልጃችሁ ነገረችኝ፤ ሰው እንዲስቅባት አድርጌ የጻፈችውን አስቀደድኳት። ግንቦት ላይ እውነቱን አወቅሁ። ከዚያ ወዲያ ፈሪ ሆኜ ዝም አልኩ።

ዘምዘም ጎመኑን ከጭኗ ላይ አውርዳ ሳፋው ውስጥ ከተተችው። አቶ ነስሩ እጃቸውን ጠራርገው ጠየቁኝ።

«ያ ነገር ስንት ነጥብ ነው?»

«አምስት።»

«የጎደላትስ?»

«ሦስት።»

ሀሚዳ ጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር። አባቷ በሀዲይኛ «እውነት ነው?» አሏት። «እውነት ነው፤ ቀድጄዋለሁ» አለች። እኔን አላየችኝም።

አቶ ነስሩ ተነሱ። የሚመቱኝ መስሎኝ ነበር፤ ቢመቱኝም አልሸሽም ነበር። «እኔ ያልኩት ሀሚዳ ከወደቀች ነው» አሉ። «አሁን የወደቀው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው እሑድ ተመለሺ። ሽማግሌዎቹ ለቀን ቆረጣ ይመጣሉ፤ ወንድሜም በስልክ ይኖራል። ይህንን ራስሽ ትነግሪያቸዋለሽ። እኔ ብናገር ነስሩ ለልጁ አዝኖ ቃሉን አጠፈ ነው የሚሉት።»

እስከ ጋሪው ድረስ የሸኘኝ ሰው የለም።

መስከረም 4፣ እሑድ

አራት ሽማግሌዎች። ስልኩን በርጩማ ላይ አስቀምጠው ድምፁን ከፍ አድርገውታል። እንድርያስ አብሬሽ ልግባ ብሎ ነበር፤ ሚኒባሱ ውስጥ ጠብቀኝ አልኩት።

ተናገርኩ። በአማርኛ ጀምሬ መሃል ላይ ሀዲይኛ ሆነ፤ ሀዲይኛ ሲሆን ደግሞ የማመልጥበት ጠፋኝ። አንድ ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ «ይህ አሲድ የምትዪው የባትሪው ነው?» አሉኝ። «የባትሪው ጠንካራው ነው፤ እኔ የሳትኩት ደካማውን ነው» አልኩና መሬቱ ላይ በጣቴ ሁለቱን ቀስቶች ሳልኩላቸው። ጎንበስ ብለው አዩት።

«ልዩነቱ ይቺ የታችኛዋ ጭረት ናት?»

«እሷ ናት።»

«የማታውቂውን ለምን አስተማርሽ ልጄ?»

«አላውቅም ማለት አፈርኩ።»

ሽማግሌው ቀና አሉ። ሌላኛው «ሦስት ዓመት ሙሉ ደግሞ ደመወዝ በልተሽበታል» አሉ። አዎ አልኳቸው። ወንድምየው በስልኩ ውስጥ ጮኸ። «በአንዲት ጭረት የሰው ሠርግ ይፈርሳል? ልጁ ቤት ተከራይቶ እየጠበቀ ነው! እኔ ምን ልበለው?»

አቶ ነስሩ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «ነስሩ ቃሉን አላጠፈም በለው። ልጄ አልወደቀችም። ሪሜዲያሉን ትገባለች።»

ወንድምየው ብዙ ተናገረ፤ ግማሹን ልጽፈው አልችልም፤ ስለ እኔ የተናገረውን ደግሞ ሁሉም ሰምቶታል። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ «ትማር» አሉ። ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዘምዘም ጓዳ ገብታ አለቀሰች፤ ድምፅዋ ይሰማ ነበር።

አሞጽ መንገድ ላይ እያለሁ ደውሏል። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሆሳዕና ገብቷል። «ምን አስለፈለፈሽ? ነገ ቢሮዬ ነይ!» ብሏል። እሄዳለሁ። አንድ ነገር ይሆናል፤ ይሁን።

ግን ዋናው እሱ አይደለም። ከቤቱ ስወጣ ሀሚዳ አጥሩ ጋ ቆማ ነበር። ታመሰግነኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ይህን ማመን አለብኝ። አላመሰገነችኝም።

«ቲቸር፣ ለሌሎቹስ ነገሯቸው?»

«ለማን?»

«ለሰማንያ አምስቱ።» እንደ እኔ አላመነታችም። «አሥራ ሰባቱ በግል ሊፈተኑ ተመዝግበዋል። እስካሁን አንድ ቀስት ነው የሚያጠኑት። ከነሱ አንዷ ሀሴት ትናንት ሁሉም በአንድ ቀስት ይጻፋል ብላ ለእህቷ ስታስረዳ ሰማኋት።»

ምን ይባላል? አልነገርኳቸውም፤ አላሰብኳቸውምም። አራት ወር ሙሉ ሀሚዳ ሀሚዳ ስል ሌሎቹ ልጆች እንዳልሆኑ ሁሉ።

«ቤታቸውን አላውቅም» አልኳት። ይህም ማምለጫ ነበር፤ አሁን ስጽፈው ነው የገባኝ።

«እኔ አውቃለሁ» አለች። ገብታ ነጠላ ጫማዋን በቦት ቀይራ ወጣች። «ከሀሴት ቤት እንጀምር፤ ቅርብ ነው። እርስዎ ነዎት የሚናገሩት ግን።»

እንድርያስ ሚኒባሱን አስነሳ። ሦስት ቤት ደርሰን ጨለመብን። ነገ አሞጽ ጋ እንደጨረስኩ ስምንት ሰዓት ላይ ጋሪ መቆሚያው ጋ ትጠብቀኛለች።